ከጎታ ይዘነው የመጣነው ነገር
በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር



እንድንናገር የተጠየቅነው ስለ ጀርመኑ ጉዞ ነው። ወደ ወሬው ከመግባታችን በፊት ግን ሂሳቡን እናስቀድም። ከተጓዝነው ከሦስታችን አንዷ የሂሳብ ሠራተኛ ናትና ሳትዘጋ የምታድር ሂሳብ እንቅልፍ ትነሳታለች። የአውሮፕላን ቲኬቱን፣ ማደሪያውንና ምግቡን የሸፈኑት የጋበዙን ደጋፊዎቻችን ናቸው። ከማኅበራችን ካዝና የወጣው ከፍኖተ ሰላም አዲስ አበባ የደርሶ መልስ መጓጓዣና የፓስፖርት ማውጫ ብቻ ነው። ለኪስ ከተሰጠን የተረፈውን በገቢ ደረሰኝ አስገብተናል። ደረሰኙ ሁሉ ፋይሉ ውስጥ አለ፤ ማየት የምትፈልግ እናት ከጉባኤው በኋላ ቢሮ ትግባና ትይ።

«ሦስቱ ለሽርሽር ሄዱ» መባሉን ሰምተናል። አልተቀየምንም። የማኅበር ገንዘብ የሁላችን ላብ ስለሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው። እውነቱን ለመናገር ከስምንቱ ቀን ሰባቱን ያሳለፍነው በስብሰባ፣ በሥልጠናና የሌሎችን ማኅበር አሠራር በማየት ነው፤ ስለዚያ በጽሑፍ ያቀረብነው ሪፖርት አለ። አንዱ ቀን ግን እውነትም ሽርሽር ነበር። ዛሬ የምንነግራችሁ ስለዚያ ስለ ሽርሽሩ ቀን ነው፤ ምክንያቱም ከሰባቱ ቀን ይልቅ ለዚህ ማኅበር የጠቀመው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ እንዲገባችሁ ስንሄድ ሆዳችን ውስጥ ይዘነው ከሄድነው ጉዳይ እንጀምር።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ማኅበራችን በ2001 ዓ.ም. ሲጀመር ቢሮም ጠረጴዛም አልነበረውም። ሴቶቹ በሳምንት አንድ ቀን በአንዷ ቤት ቡና አፍልተው፣ አምስት አምስት ብር አዋጥተው፣ ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ጠርተው በባለ መስመር ደብተር ያስጽፉ ነበር። ያ ልጅ የጻፈው የሚያውቀውን ነው። ያደገበት ሰፈር ሴቶችን የሚጠራው በባላቸው ወይም በልጃቸው ስለሆነ «የአቶ እገሌ ባለቤት፣ 5 ብር»፣ «የእገሌ እናት፣ 5 ብር» እያለ ደብተሩን ሞላው። ማንም ስህተት ነው አላለም። እኛም የሂሳብ ትምህርት የተማርነው ሰዎች ደብተሩን ስንረከብ ድምሩን አረጋግጠን፣ ልክ ነው ብለን ፈርመናል።

አንዲት መሥራች እናታችን በዚያ ደብተር «የአቶ እገሌ ባለቤት» ተብላ ተጻፈች። ስምንት ዓመት ሳታቋርጥ ቆጠበች። በ2009 ዓ.ም. ትዳሯ ፈረሰና ልጇን ይዛ ወደ ቡሬ ሄደች። ሰውዬው ሌላ ሴት አገባ። አዲሷ ባለቤትም እንደ ቤቱ ልማድ ሳምንት እየጠበቀች ገንዘብ ታመጣ ጀመር። ጸሐፊውም በዚያው ገጽ፣ በዚያው መስመር «የአቶ እገሌ ባለቤት» እያለ መጻፉን ቀጠለ። ያኔ ሳምንታዊው መዋጮ ወደ አሥር ብር ከፍ ብሎ ነበር። በ2012 ዓ.ም. አሁን ወደምንሠራበት የግል ቁጠባ ደብተር ስንዛወር የዚያ መስመር ቀሪ ሂሳብ 3,640 ብር ነበር፤ የትርፍ ድርሻ ሳይታሰብ። ሁሉም በሁለተኛዋ ሴት ስም ተዛወረ።

መሥራቿ እናታችን ይህንን ገንዘብ አንድም ቀን አልጠየቀችም። ለልጇ «ገንዘቡ የቤቱ መስሎኝ ትቼው ወጣሁ» ብላት እንደነበር ኋላ ሰምተናል። አምና ዐረፈች። ከሐዘኑ በኋላ ልጇ ከቡሬ መጥታ ቢሯችን በር ላይ ቆመች፤ «እናቴ እዚህ ትቆጥብ ነበር፤ ድርሻዋን ፈልጉልኝ» አለችን። ደብተሩን አወጣን። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ገለጥን። የእናቷ ስም የለም። ልጅቷ መታወቂያዋን ይዛ፣ የእናቷን ስም እየደጋገመች፣ እኛም «የለም» እያልን ግማሽ ቀን አለፈ። በመጨረሻ፣ «እንግዲህ እናቴ አልነበረችም ማለት ነዋ!» ብላ ወጥታ ሄደች።

ይህ ነገር ሳያልቅ ነው አውሮፕላን ላይ የወጣነው።

ማደሪያችን ኤርፈርት የሚባል ጥንታዊ ከተማ ነበር። በሰኔ ወር፣ በአንድ ረቡዕ፣ አስተናጋጃችን «ዛሬ ሥራ የለም፣ አገር ላሳያችሁ» አለችን። ጾመ ሐዋርያት ነበርና ሊቀመንበራችን «እኔ የጾም ቀን ጉብኝት እግሬ አይችልም» ብላ ነበር፤ ኋላ ግን ከሁላችን ቀድማ ስትራመድ ዋለች። ባቡር ተሳፍረን ሃያ ደቂቃ ያህል እንደሄድን ጎታ የምትባል ከተማ ደረስን። ከጣቢያው ወጥተን ዛፍ በበዛበት መናፈሻ በኩል ሽቅብ ስንወጣ አንድ ትልቅ ነጭ ቤተ መንግሥት ከፊታችን ቆመ። ሦስት ክንፍ አለው፤ በሁለቱ ጫፍ ማማ፤ መካከሉ ገበያ የሚያስውል ሰፊ ግቢ። የቡሬዋ እህታችን፣ በርበሬ ነጋዴዋ፣ ግቢውን አየችና «ይኸ ሁሉ በርበሬ ቢሰጣበት!» ብላ አሳቀችን።

ዓመቱን ከዚህ በኋላ በእነሱ አቆጣጠር እንነግራችኋለን። ቤተ መንግሥቱ የተሠራው ከ1643 እስከ 1654 ነው። ያሠራው ኤርንስት የሚባል መስፍን ነው፤ «መንፈሳዊው» ይሉታል። ግንባታው ሲጀመር ጀርመን በሠላሳ ዓመቱ ጦርነት ውስጥ ነበረች። ጦርነቱ በ1618 ተነስቶ ያበቃው በ1648 ነው፤ መንደር ተቃጥሎ፣ ሰው በረሃብና በበሽታ አልቆ። መስፍኑ ገና ጦሩ ሳይበርድ ያስጀመረውን ቤት «ፍሪደንሽታይን» አለው። ትርጉሙን ጠየቅን። «የሰላም ድንጋይ» አለችን አስተናጋጃችን። ሦስታችንም ተያየን። እኛስ የመጣነው ከየት ነው? ከፍኖተ ሰላም፣ ከሰላም መንገድ።

ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማችን እንዴት ፍኖተ ሰላም እንደተባለች፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ የነበረውን ዘመንም ጨምረን፣ የምናውቀውን ያህል ነገርናት። ከበሩ በላይ የተቀረጸውን አሳየችን። ሁለት ሴቶች ተቃቅፈው ይሳሳማሉ፤ አንዷ ሰላም ናት፣ ሌላዋ ጽድቅ፤ ዳዊት የደገመች እናት ሁሉ የምታውቀው ነው። አጠገቡ የተጻፈው ቃል ደግሞ ሰላም ይመግባል፣ ጠብ ግን ይበላል የሚል ነው። ሊቀመንበራችን በሩ ሥር ቆማ ብዙ ጊዜ ሳትናገር ቆየች። መንገድ ሲዘጋ ልጅ ታሞ ሐኪም ቤት ሳይደርስ የሚቀርበትን፣ ገበያ ሳይቆም ጤፍ ቤት የሚቀመጥበትን ጊዜ የምናውቅ ሰዎች ነን። እነዚያ ሰዎች ሰላምን የጻፉት ደልቷቸው አይደለም፤ ቢያጡት ነው።

ሌላም ነገር ሰማን። ያ መስፍን ገና በ1642 በግዛቱ ያሉ ልጆች፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ የገበሬ ልጆችም ሳይቀሩ፣ ትምህርት ቤት እንዲገቡ የሚያዝ ሥርዓት አወጣ። በጦርነት መካከል ማለት ነው። ይህንን ስንሰማ የቡሬዋ እህታችን «እንግዲህ የእኛ ልጆች የዘገዩት በስንት ዓመት ነው?» አለች። የሂሳብ ሠራተኛዋ ልትቀንስ ሞከረችና ተወችው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። አስተናጋጃችን ግቢው መካከል አስቁማ፣ «እናንተ እዚህ የመጀመሪያዎቹ አይደላችሁም። ከእናንተ በፊት አንድ አማራ እዚህ ግቢ ቆሞ ነበር» አለችን። ቀልድ መሰለን።

አልቀለደችም። ሰውዬው አባ ጎርጎርዮስ ይባላል። በአማራ ምድር መካነ ሥላሴ ከሚባለው ቦታ የወጣ የቤተ ክህነት ሰው ነው። ዐፄ ፋሲለደስ ኢየሱሳውያንን ከአገር ባስወጡበት ዘመን ከእነሱ ጋር በነበረው ግንኙነት ምክንያት ተሰደደና ሮም ደረሰ፤ በዚያ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለው የሐበሾች ገዳም ተቀመጠ። በ1649 አንድ የሃያ አምስት ዓመት ጀርመናዊ እዚያ ድረስ መጣና በሩን አንኳኳ። ኢዮብ ሉዶልፍ ይባላል፤ እኛ ያደርንባት የኤርፈርት ልጅ ነው፤ የተወለደው በ1624 ነው። ይህ ሰው ግዕዝን በመጽሐፍ ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። አባ ጎርጎርዮስ ያነበበውን አረመለት፣ ያላነበበውን ነገረው፣ አማርኛም አስተማረው።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1652፣ በእኛ 1644 ዓ.ም. ክረምት፣ አባ ጎርጎርዮስ ተራራ ተሻግሮ ወደ ጀርመን መጣና እዚህ ቤተ መንግሥት ገባ። ቤቱ ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። መስፍኑና ሊቃውንቱ ስለ አገሩ፣ ስለ ሃይማኖቱ፣ ስለ ነገሥታቱ ጠየቁት፤ እሱም መለሰ፤ መልሱ ተጻፈ። እስከ መስከረም ቆይቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ከሉዶልፍ ጋር ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር። በ1658 ወደ አገሩ ለመግባት ተሳፍሮ ሳለ በሶርያ ጠረፍ፣ በእስክንድሮን አቅራቢያ መርከቡ ተሰበረና ባሕር ውስጥ ቀረ።

አገሩን ሳያይ ሞተ ማለት ነው። መቃብር የለውም። ሊቀመንበራችን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ «አይ የሰው አገር!» አለች። ከሦስት መቶ ሰባ ዓመት በፊት የሞተ ሰው ነው፤ ግን በዚያ ግቢ ላይ የትናንት ሐዘን መሰለን።

የሂሳብ ሠራተኛዋ ግን ሌላ ነገር ነበር የምታስበው። «ታዲያ ይህንን ሁሉ እንዴት አወቃችሁ?» ብላ ጠየቀች። መልሱ አጭር ነው፤ ሉዶልፍ ጽፎታል። ሉዶልፍ ኢትዮጵያን ረግጦ አያውቅም። ነገር ግን በ1681 የኢትዮጵያን ታሪክ አሳተመ፤ በ1698 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስውና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። እኛ ዛሬ የምንናገረው አማርኛ ሰዋስው ተሠርቶለት ሲታተም ያ የመጀመሪያው ነው። አባ ጎርጎርዮስ ከሰጠመ አርባ ዓመት ሆኖት ነበር። ሉዶልፍ ሁሉንም «እኔ አወቅሁት» ቢል ማን ይከሰው ነበር? ባለቤቱ ባሕር ውስጥ ነው፤ አገሩ ሩቅ ነው፤ ምስክር የለም። እሱ ግን ያስተማረው ማን እንደሆነ በስሙ ጻፈ። ከየት እንደመጣ ጻፈ። በ1691 ባሳተመው መጽሐፍ የአባ ጎርጎርዮስን መልክ በሥዕል አስቀርጾ አወጣ። አስተናጋጃችን የዚያን ሥዕል ቅጂ ይዛልን መጥታ ነበር። ጥምጥም ጠምጥሟል፤ የጎጃም የኔታ ይመስላል።

እኛ የሂሳብ ሰዎች ይህ ምን እንደሚባል እናውቃለን። ሰውዬው ዕዳውን በመዝገቡ ጻፈ። ያለ ምስክር የተበደረውን፣ ማንም የማይጠይቀውን ዕዳ፣ ከባለ ገንዘቡ ስም ጋር።

ያኔ ነው ያቺ ልጅ በዓይናችን የመጣችው። አባ ጎርጎርዮስ በማያውቁት አገር፣ በማያውቁት ሰዎች መካከል፣ ስሙ ከተጻፈ ይኸው ዘመን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። የእኛዋ እናት በገዛ አገሯ፣ በገዛ ማኅበሯ፣ ራሷ ባቋቋመችው ደብተር ላይ ስሟ የለም። እሷን ያስቀረናት በሩቅ ያሉ ባዕዳን አይደሉም፤ እኛው ነን። ከሦስታችን ማን ቀድማ እንደተናገረች አናስታውስም፤ ግን ሦስታችንም ያንኑ ነበር የምናስበው።

ምሳችንን ከተማው መካከል በላን። የጾም ምግብ ብለን ስናስቸግር ድንች ተፈጭቶ እንደ ድቡልቡል የተቀቀለ የአገሩን ምግብ አመጡልን። ጨው ያንሰዋል እንጂ ሆድ ይይዛል። ጎታ ወንዝ የሌላት ከተማ ናት። ውሃ ያገኘችው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ከጫካው ተራራ በተቆፈረ ቦይ ነው፤ ቦዩ ዛሬም አለ። ውሃ ቀድታ ያደገች ሴት እንዲህ ያለውን ነገር ሳታደንቅ አታልፍም።

ከሰዓት በኋላ ያየነው ደግሞ የሙያችን ነው። በ1820 ኤርንስት ቪልሄልም አርኖልዲ የሚባል የጎታ ነጋዴ የእሳት መድን ድርጅት አቋቋመ። በዚያ ዘመን በጀርመን የእሳት መድን ገበያ የእንግሊዝ ኩባንያዎች ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። አርኖልዲ ለነጋዴዎቹ ያላቸው በአጭሩ ይህ ነው፤ ገንዘባችንን ለሌላ ከምንሰጥ እርስ በርሳችን እንዋዋስ፤ የአንዱ ቤት ቢቃጠል ሁላችን እናቋቁመው፤ ዓመቱ በደህና ካለፈ የተረፈው ለእኛው ይመለስ። ይህንን ስንሰማ የቡሬዋ እህታችን «ታዲያ ይኸ ዕድር አይደለም እንዴ?» አለች። ነው እንጂ! ዕድር ነው። በ1827 ደግሞ የሕይወት መድኑን በዚያው መንገድ አቋቋመ። ዛሬ በስሙ የተሰየመ የመድን ሙዚየም በከተማዋ አለ።

በ1842 ሐምቡርግ በታላቅ እሳት ስትቃጠል የጎታው ማኅበር ጉዳቱን ለመክፈል ያለው ገንዘብ አልበቃውም፤ አባላቱ ተጨማሪ መዋጮ አዋጡና ተከፈለ። ዕድርተኛ ሲሞትበት ድንኳን ተክሎ፣ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ገንዘቡ ቢያንስ ተጨማሪ የሚያዋጣ ሕዝብ ይህንን ለመረዳት ሥልጠና አያስፈልገውም። ልባቸውና ልባችን አንድ ነው። የምንለያየው በደብተሩ ነው። የሕይወት መድን የሚሠራ ድርጅት አባሉን በስሙና በተወለደበት ቀን ካልመዘገበ አንድ ቀን ማደር አይችልም። «የእገሌ ባለቤት» ብሎ ቢጽፍ ማን ሞተ ብሎ ለማን ሊከፍል ነው?

ማታ ኤርፈርት ተመለስን። እዚያ ወንዝ ላይ ድልድይ አለ፤ በድንጋይ የተሠራው በ1325 ነው፤ ግራና ቀኙ ሰው የሚኖርባቸው፣ የሚነገድባቸው ቤቶች ተሠርተውበታል። ሲሄዱበት ድልድይ አይመስልም፣ የገበያ መንገድ ነው። ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆኖ ፀሐይዋ አልጠልቅ ብላ ሊቀመንበራችን የማታ ጸሎቷን መቼ እንደምትጀምር ግራ ገባት። እዚያው ድልድዩ ላይ ቆመን ስንመለስ የምናደርገውን ተነጋገርን።

ስንመለስ መጀመሪያ የሄድነው ወደ ሁለተኛዋ ሴት ቤት ነው። እውነቱን እንንገራችሁ፣ ፈርተን ነበር። ገንዘቡ በሕግ በስሟ ተዛውሯል፤ ደብተሩም ይመሰክርላታል። «የእኔ ነው» ብትል ምንም ማድረግ አንችልም ነበር። ቡና አፈላችልን። ነገሩን ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችን። ከዚያ ያለችውን ቃል በቃል ይዘነዋል፤ «እኔ እዚህ ቤት የገባሁት በ2009 ነው። ከዚያ በፊት ያለው የእኔ ላብ አይደለም። እኔንም እኮ በስሜ አልጻፋችሁኝም። ነገ እኔ ብሞት የኔ ልጅ ምን ብላ ልትጠይቅ ነው?»

ይህንን ያለችው ፊደል ያልቆጠረች ሴት ናት። እኛ ዲፕሎማ ይዘን ያላየነውን አየችው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሂሳብ ቀላል ነበር። በሳምንት 5 ብር፣ በዓመት 52 ሳምንት፣ ስምንት ዓመት፤ 2,080 ብር የመሥራቿ። በሳምንት 10 ብር፣ ሦስት ዓመት፤ 1,560 ብር የሁለተኛዋ። ድምሩ 3,640 ብር፤ አንድ ሳንቲም አልጎደለም። የትርፍ ድርሻውም በዚያው መጠን ተከፈለ። ሦስት መሥራች እናቶች ምስክር ሆነው ፈረሙ። ልጅቷን ከቡሬ ጠርተን ድርሻዋን በደረሰኝ ሰጠናት። ገንዘቡን ከመቁጠሯ በፊት ደብተሩን እንድናሳያት ጠየቀች።

የሂሳብ መዝገብ አይፋቅም። የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዛል፤ የተሰረዘው መነበብ አለበት፤ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፤ ቀንና ፊርማ ይቀመጣል። «የአቶ እገሌ ባለቤት» የሚለውን አንድ መስመር አሰመርንበት። ከላዩ የእናቷን ስም፣ የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም ጻፍን። ልጅቷ በጣቷ እየነካች ሦስት ጊዜ አነበበችው። ስሙን በዚህ ንግግር ያልጠራነው እሷ ስለጠየቀችን ነው፤ «የእናቴ ስም በደብተሩ ይግባ፤ ለወሬ አይውጣ» አለችን። ቃሏን አክብረናል።

እህቶቻችን፣ ነገሩ በዚህ አላበቃም። የ2001ን ደብተር እንደገና ስናየው በስሟ የተጻፈችው እናት ከግማሽ ታንሳለች። ስለዚህ ከዚህ ጉባኤ ሦስት ነገር እንለምናለን።

አንደኛ፣ በአሮጌዎቹ ደብተሮች ላይ ያሉትን ሁሉ እስከ መጪው ዓመት ጠቅላላ ጉባኤ በስማቸው እንድናስተካክል ፈቃድ ስጡን። ለዚህም ከየሰፈሩ ሁለት ሁለት የምታስታውሱ እናቶች አብራችሁን ተቀመጡ። የምታስታውሱት በሕይወት እያላችሁ ነው። አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት ለዚሁ ነው።

ሁለተኛ፣ በዚህ ጋዜጣችን በየእትሙ አንዲት እናት የምታውቀውን አንድ ነገር በስሟ እናውጣ፤ በርበሬ እንዴት ሳይሻግት እንደሚከርም፣ ድልህ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ጠላ ጌሾው እንዴት እንደሚለካ። አባ ጎርጎርዮስ ያወቀውን ነገር የጻፈለት ሰው አገኘ። ያንን አማርኛ መጀመሪያ በአፉ ያኖረችለት ግን እናቱ ናት፤ የእሷ ስም በዚያ ዕለት በሰማነው ታሪክ ውስጥ አልተነሳም። እኛ እናቶቻችንን እንደዚያ አናስቀር።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። በየሩብ ዓመቱ «ስንት ሴቶች ተጠቀሙ?» ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ፤ እኛም ቁጥር እንልካለን። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ መላካችንንም እንቀጥላለን። ከዚህ በኋላ ግን ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ በቢሯችን በስሟ የተጻፈች፣ በጣቷ ወይም በፊርማዋ ያረጋገጠች ሴት ትኖራለች፤ ስትመጡ ታዩዋታላችሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ጉዞ አንጠይቃችሁም። የምንጠይቃችሁ እሳትና ምስጥ የማይደፍረው አንድ የብረት ካዝናና የአሮጌ ደብተሮቹን ቅጂ ማስነሻና ማስጠረዣ ገንዘብ ነው። ግምቱን ከነዋጋ ማቅረቢያው ከሪፖርቱ ጋር አያይዘናል።

ሁለተኛዋ ሴት ዛሬ እዚህ መካከላችን ተቀምጣለች። ባለፉት ሳምንታት ፊርማ ስትለማመድ ቆይታለች፤ የዛሬውን የስብሰባ መገኛ ቅጽ በገዛ ስሟ ፈርማ ገብታለች። ቅጹ በር ላይ ነው። ያልፈረማችሁ ስትወጡ እንዳትረሱ።